ወደ ግራ የተለወጠው ቀኝ እጅ

ሙያ መምረጥ የችሎታና የዝንባሌ ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ሰው ሙያውን ሲመርጥ ከማን ጎን እንደሚቆምና ማንን ረግጦ እንደሚያልፍ አብሮ ይመርጣል። ሕግ የሚማር ወጣት ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ የሙያው መሣሪያ የሌላ ሰው ምስጢር ነውና። በአደራ የተቀበለውን ምስጢር የራሱ መወጣጫ መሰላል ያደረገ ሰው፣ ወደ ላይ የወጣ በመሰለው ቁጥር ቤቱን ከሥሩ እየናደ መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ቅጣቱም አይቀርለትም። ከዚህ በታች የሚተረከው የአንድ ቤተሰብ መከራ ይህንኑ ያረጋግጣል።

ቤተሰቡ የሚኖረው ብዙ ተከራይ በሚገኝበት ረጅም ግቢ ውስጥ፣ በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች አንዲት ክፍል ነበር። አባት በካርቶን ፋብሪካ የመቁረጫ ማሽን ሠራተኛ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሥራ አርፍደው ስለማያውቁ ባልደረቦቻቸው «ደወሉ» ይሏቸዋል፤ እሳቸው በበሩ ሲገቡ የተቀመጠው ሁሉ ይነሣል። እናት በላውንደሪ ቤት ልብስ ሲተኩሱ ይውላሉ፤ ሲመለሱ እግራቸው አብጦ ጫማው አልወልቅ ይላል። ሴት ልጃቸው ከታናሽ ወንድሟ የማያንስ አእምሮ ነበራት። ነገር ግን ሁለቱንም ማስተማር የማይቻልበት ዓመት ሲመጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት ከትምህርቷ ወጥታ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ወደሚሰፋበት ቤት ገባች። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እንዲህ ያለውን ዝምታ በምን መመለስ ይቻላል? ወንድ ልጁ እንግዲህ በሦስት ሰዎች ድካም ላይ ተቀምጦ ሕግ ይማር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የግቢውን ልጆች ጠብ በአንደበቱ ስለሚያበርድ ቤተሰቡ «ዳኛው» ብሎ ይጠራዋል።

የመጨረሻው የትምህርት ዓመት ሲጀመር ተማሪዎች የሚካኑበትን የሕግ ዘርፍ ከወዲሁ እንዲያስቡበት ተነገራቸው። በዚያው ዕለት ራት ተበልቶ ሳይነሣ፣ ቤተሰቡ ሸንጎ ተቀመጠ።

«የቤተሰብ ሕግ ያዝ» አለች እኅቱ፣ ከጥርሷ መካከል መርፌዋን አውጥታ። «ባልና ሚስት መጣላት መቼም አያቆሙም። ሥራ አትፈታም።»

«እቴ፣ አንቺ ያገባሽ ዕለትማ ቢሮዬ ይጨናነቃል።»

«እኔን ያገባ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ጠበቃ አይደለም።»

እናትየው ሳቁ። «ብቻ ወንጀል እንዳትመርጥ። ልጄ ከሌባ ጋር ሲውል ማየት አልፈልግም።»

«እማዬ፣ ዐቃቤ ሕግም እኮ መሆን ይቻላል።»

«እሱስ ከማን ጋር ነው የሚውለው?»

አባትየው ሁሉም ስቀው እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ተናገሩ። «እኔ የማውቀው ካርቶን መቁረጥ ነው። ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ያ የአሠሪና ሠራተኛ የሚሉትን ቢይዝ ደስ ይለኛል። እኛ ዘንድ ሰው ሲጎዳ ሁላችንም መሬት መሬት ነው የምናየው። አንድ የሚናገርልን ሰው ቢኖር…» ቀጥለው ደግሞ፣ ያስገደዱት እንዳይመስል ሠግተው፣ «ደስ ያለህን ምረጥ እንጂ። ደስ ሳይለው የሚሠራ ሰው ሥራውንም ራሱንም ነው የሚያበላሸው» አሉት።

«አስብበታለሁ፣ አባዬ» አለ ልጁ አቀርቅሮ። ልቡ ግን ሌላ ከመረጠ ከርሟል። በክረምቱ ልምምድ ላይ የኩባንያ ጠበቆችን ቢሮ አይቶ ነበር፤ ምንጣፉ የእግር ድምፅ የሚውጥ፣ መስኮቱ ከተማውን ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ እርጥበት፣ የመጋረጃው ቅዳጅ፣ የእናቱ ያበጠ እግር ሳይቀር ያሳፍረው ጀመር። ድህነትን መጥላት በደል አይደለም። ከድህነቱ ጋር ድሆቹን ደርቦ መጥላት የጀመረ ሰው ግን የት ላይ እንደሚቆም ማን ያውቃል? በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ክፍል ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ፤ የፈለገ ሁሉ ተመዝግቦ ይገባል። ወደ ኩባንያ ሕግ የሚገቡት ግን ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የሚመረጡትም በዓመቱ አጋማሽ በሚካሄድ የምስለ ችሎት ውድድር ነው።

ከዚያ አስቀድሞ፣ ማንኛውም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የማገልገል ግዴታ ነበረበት፤ ሥራውንም የሚጀምረው በወላጆች ፊት ቃለ መሐላ ፈጽሞ ነው። በመሐላው ቀን እናትና እኅት በጊዜ መጥተው ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። ከመካከላቸው ለአባት የያዙት ወንበር ባዶ ነበር። «ደወሉ» ማርፈዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበርና እናትየው ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሡም። ወዮ፣ የሰው ልጅ ዕጣ! ልጁ ቀኝ እጁን አንሥቶ «የደንበኛዬን ምስጢር በሕይወቱም ሆነ ከሞቱ በኋላ እጠብቃለሁ» እያለ በሚምልበት በዚያች ሰዓት፣ የአባቱ ቀኝ እጅ በመቁረጫው ማሽን ሥር ነበር።

እጁ አልተቆረጠም፤ ግን አልዳነም። ቁስሉ ላይ ላዩን ሲደርቅ ውስጥ ውስጡን ወደ አጥንት ዘልቆ መመርቀዝ ያዘ። ሐኪሞቹ በትልቅ ሆስፒታል የአጥንት ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ መርዙ ወደ ደም እንደሚዛመት ሳይደብቁ ተናገሩ። ፋብሪካው የጉዳት ካሣም ሆነ የሕክምና ወጪ አልከፍልም አለ። አባትየውም ሌላ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ልጃቸው ወደሚያገለግልበት ማዕከል መጡ። የማዕከሉ ኃላፊ መምህርት ልጁ በጉዳዩ ውስጥ እንዳይገባ ልታደርግ አስባ ነበር፤ አባትየው ግን «ልጄ ከአጠገቤ ካልተቀመጠ አንደበቴ አይፈታም» ስላሏት፣ ረዳት ሆኖ በዚያው መሐላው ታስሮ እንዲቀመጥ ፈቀደች።

በሩ ተዘጋ። አባትየው በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ተቀመጡ።

«የማሽኑን መከላከያ ሽፋን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ካርቶኑ በሽፋኑ እየተያዘ ሥራው ይጓተታል። አለቃችን ሥራ ሲበዛ ‘አንሡት’ ይለናል፤ ሁላችንም እናነሣለን። የዚያን ቀን ግን ማንም አላዘዘኝም። የልጄ መሐላ ነበር። ቶሎ ጨርሼ ልድረስ ብዬ ነው።»

የልጁ ብዕር ቆመ።

«ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለች መምህርቷ። «ሠራተኛ የደኅንነት መመሪያን ዐውቆ ከጣሰ አሠሪው ሊያመልጥ ይችላል። አለቃው እንደሚያዝዛችሁ ባልደረቦችዎ እስኪመሰክሩልን ድረስ ይህን እኛ አናነሣም። ዳኛ ፊት ምለው ከተጠየቁ ግን እውነቱን ይናገራሉ፤ ሐሰት እንዲናገሩ አላደርግም።»

«እኔም ሐሰት አልናገርም፣ ልጄ» አሏት አባትየው።

ማዕከሉ በአባትየው ስም ክስ መሠረተ። ፋብሪካው ሽፋኑ በማሽኑ እርጅና ላልቶ የተነሣ ይመስለው ነበር። ስለዚህ ክርክሩን ፈርቶ፣ በነገረ ፈጁ በኩል ለእርቅ ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ፤ የቀዶ ሕክምናውን ወጪ ሊከፍል ተስማማ። የእርቁ መፈራረሚያ ቀን ተቆረጠ። በመጋረጃ በተከፈለችው ክፍል ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ተሰማ። እኅቲቱ ለአባቷ አንድ እጅጌው ሰፊ የሆነ ሸሚዝ ሰፋች፤ «ለሆስፒታል የሚሆን ፋሽን ነው፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ይቀኑብሃል» ብላ አለበሰቻቸው።

የምስለ ችሎቱ ውድድር ከእርቁ ቀን በፊት ነበር። ለኩባንያ ሕግ እንደሚወዳደር ልጁ ለአባቱ ነግሮ ነበር። በትምህርት ቤቱ ደንብ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚከራከርበትን ጉዳይ ራሱ ፈጥሮ ማቅረብ አለበት፤ ነገሩ ከእውነተኛ ሕይወት የተወሰደ እስኪመስል ድረስ የተሟላ መሆን ይገባዋል። «ዳኛው» ያዘጋጀውን ጉዳይ አማካሪው አንብቦ መለሰለት። «ሕጉ ሙሉ ነው፤ ሰው ግን የለበትም። እንዲህ ሆነህ አትገባም» አለው። ልጁ ሲያስብ ሰነበተ፤ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ዋለ። ከዚያ፣ ሰው ያለበት አንድ ጉዳይ ብቻ እንደሚያውቅ ትዝ አለው…

ማንም እንዳይለየው አድርጎ ለወጠው። የካርቶን ፋብሪካውን የቆዳ ፋብሪካ አደረገው። ቀኝ እጁን ግራ አደረገው። የልጅ ቃለ መሐላ የነበረውን የልጅ ሠርግ አለው። ሠራተኛው ሽፋኑን ያለ ትእዛዝ በገዛ እጁ ማንሣቱን ግን አልለወጠም፤ የክርክሩ ነፍስ ያ ነበርና። ይህን ያህል ከለወጥሁት ምስጢር አወጣሁ አይባልም ሲል ራሱን አሳመነ። የሕግ ዕውቀት ለማይገባው ሥራ ሲውል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያታልለው ባለቤቱን ነው።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት ከአዳራሹ በር ላይ የተጋባዥ ዳኞቹ ማንነት ተለጥፎ አገኘ። መካከለኛው ዳኛ የካርቶን ፋብሪካው ነገረ ፈጅ ነበር። ልጁ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። መመለስ አይችልም ነበርን? አንድ ፎቅ ቢወርድ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ክፍል በሩ ክፍት፣ ወንበሩ ባዶ ነበር። አባቱ የለመኑትም ያን ወንበር አልነበረምን? አንድ እግሩ ወደ ደረጃው ዞሮ ነበር። ከዚያ ምንጣፉና መስኮቱ በዓይኑ መጡ። «ነገሩን ሁሉ ለውጬዋለሁ» አለ ለራሱ፤ ገባ።

የተከራከረው ለፋብሪካው ወገን ሆኖ ነው። እንደዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። «ክቡራን ዳኞች፣ ሽፋኑን ያነሣው ማሽኑ አይደለም፤ አለቃውም አይደለም። ወደ ልጁ ሠርግ ለመድረስ የቸኮለ አባት ነው። የአንድን አባት ችኮላ ዋጋ ኩባንያው ለምን ይከፍላል?» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ነገረ ፈጁ አላጨበጨበም። ከፊቱ የተቀመጠውን የተወዳዳሪዎች ዝርዝር አየ። ልጁ ፋብሪካውን ለውጧል፣ እጁን ለውጧል፣ ሥነ ሥርዓቱን ለውጧል፤ የራሱን ስም ግን አልለወጠም። ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ የአባቱ ስም ነበር፤ ያም ስም በነገረ ፈጁ ጠረጴዛ ላይ ባለው የክስ መዝገብ ከሳሽ ሆኖ ተጽፏል።

«ጉዳዩን ከየት አገኘኸው?» ሲል ጠየቀው በለሰለሰ ድምፅ።

«ከሐሳቤ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ጥሩ ሐሳብ አለህ» አለው። ከፍተኛውንም ነጥብ ሰጠው።

ልጁ የኩባንያ ሕግ ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ። ፋብሪካውም እርቁን እንደማይቀበል፣ ክርክሩ በፍርድ ቤት እንዲቀጥል አሳወቀ። መምህርቷ ግራ ተጋባች። እናትየው «ምን አጠፋን?» እያሉ የጠየቁትን ደግመው ጠየቁ። እኅቲቱ ወንድሟን «ሕጉ ምን ይላል?» ስትለው፣ ሰው ሁሉ አንደበተ ርቱዕ የሚለው «ዳኛው» መጽሐፉን አንሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ችሎቱ ተሰየመ። የአባትየው ፊት በትኩሳት ቀልቷል፤ ጓንት የመሰለ እብጠት እስከ ክርናቸው ወጥቷል። ምለው ቆሙ። ነገረ ፈጁ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣ።

«አደጋው በደረሰ ቀን የማሽኑ ሽፋን ተነሥቶ ነበር?»

«አዎን፣ ተነሥቶ ነበር።»

«በዕለቱ የሚቸኩሉበት ጉዳይ ነበረዎት? ልጅዎ የሚከበርበት ሥነ ሥርዓት?»

አባትየው ቀና አሉ። ሽፋኑን ለዚህ ብለው ማንሣታቸውን የሚያውቁት ከእርሳቸው ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ከጎናቸው ቆማ ፊቷ ዐመድ መስሏል። ዓይናቸው ከኋላ ወንበሮች መካከል ሁለተኛውን ፈልጎ አገኘው። ልጃቸው አቀርቅሮ ነበር። በዚያች ቅጽበት በአባት ልብ ውስጥ ያለፈውን ምን ብዕር ሊጽፈው ይችላል? በሕይወታቸው ሙሉ የደከሙለት ልጅ፣ አካላቸውን የከፈሉለት ልጅ…

«ሽፋኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉ ወደ ዳኛው ዞረው። «ማንም አላዘዘኝም። የልጄ የመሐላ ቀን ነበር።»

ይህን የሰሙ ባልደረቦቻቸው፣ እንጀራቸው የሚያሳስባቸው ሰዎች፣ ስለ አለቃው ሊሰጡት ያሰቡትን ምስክርነት ትተው አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። ክሱ ውድቅ ሆነ።

በመተላለፊያው ላይ መምህርቷ አባትየውን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። «አባቴ፣ ይህን ነገር ከእኛ ሌላ ለማን ነግረው ነበር?»

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማ ነበር። አባትየው ወደ እሱ ሳይመለከቱ መለሱላት። «አፌ አያርፍም፣ ልጄ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ላገኘሁት ሁሉ አውርቻለሁ።»

«አንተ?» አሉ እናትየው። «አንተ ደግሞ መቼ ነው ሻይ ቤት ተቀምጠህ የምታውቀው?»

«ተዪው» አሉ። «ተዪው፣ እቱ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፤ መከራም ሲጨርስ ይፈጥናል። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። ሐኪሞቹ እንደተናገሩት መርዙ ወደ ደም ተዛመተ። «ደወሉ» ብዙ በሽተኞች በተኙበት ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ እጅጌ ሰፊውን ሸሚዝ ለብሰው ተጋደሙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና እኅት መድኃኒት ፍለጋ ወጥተው ልጁ ብቻውን ከአጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዳኛው።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ያ ስትመኘው የነበረው… ተቀበሉህ?»

ልጁ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ደግ» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጥቂት ቆዩ። «እናትህ እንዳታውቅ።»

ልጁ በጉልበቱ ወድቆ ያን የቆሰለ እጅ በእንባው አጠበው፤ የሚናዘዘውን ሁሉ ተናዘዘ፤ ይቅርታ ለመነ፤ ጮኸ። የሚሰማው ግን አልነበረም። አባትየው ዳግመኛ አልነቁም፤ ሳይመሽ ዐረፉ። ዕድል ጨካኝ ናት እንላለን። ነገር ግን ዕድል በዚያ አዳራሽ በር ላይ ቆማ፣ የሚመለስበትን ደረጃ አሳይታው አልነበረምን?

ሐዘኑ ሳይበርድ መምህርቷ እውነቱን ደረሰችበት። በማዕከሉ ተማሪዎች በዚያ ዓመት ምስለ ችሎት ስለነበረው ድንቅ ክርክር ሲያወጉ፣ «ለሠርግ የቸኮለው አባት» ሲሉ ሰማች፤ ቆማ እንደገና አስነገረቻቸው። ከዚያም ወደ ረጅሙ ግቢ መጥታ የሰማችውን ለቤተሰቡ ተናገረች። ደንበኛው ስለሞቱ በልጁ ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት የባለቤታቸው መሆኑን፣ እሳቸው ካልፈቀዱ መዝገቡ እንደማይከፈት ለእናትየው ገለጠችላቸው። ልጁ በመጋረጃው በኩል ወጥቶ ከእናቱ እግር ሥር ተደፋ።

«እማዬ፣ አባዬ ይቅር ብሎኛል። እናትህ እንዳታውቅ ነው ያለኝ። ሕይወቴ እኮ ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

እኅቱ መቀሷን አስቀመጠች። «ያ አባዬ የለመነህ ክፍል ወንበሩ ባዶ ነበር አሉ» አለችው፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እሺ» አለች፤ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እናትየው የልጃቸውን ራስ ዳበሱ። እንባቸው በእጃቸው ላይ እየወረደ፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ሕፃን ዳበሱት። «አባትህ ይቅር ማለት ልማዱ ነበር» አሉ። «እኔም እናትህ ነኝ፤ ከቤቴ አላስወጣህም። ግን ነገ ሌላ ሰው ምስጢሩን ይዞ ከፊትህ ይቀመጣል። እሱም ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። እነሱን ምን ልበላቸው?» ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «የት ላይ ነው የምፈርመው?»

የትምህርት ቤቱና የጠበቆች ማኅበር የጋራ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰማ። ልጁ ጥፋቱን አመነ። የደንበኛን ምስጢር ለግል ጥቅም በማዋሉ ከትምህርት ቤቱ ተሰናበተ፤ በማናቸውም የሕግ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ እንዳይማር፣ የጥብቅና ፈቃድም በሕይወት ዘመኑ እንዳይሰጠው ተወሰነ። በምስለ ችሎት የሰማውን ለክርክሩ ያዋለው ነገረ ፈጅም ፈቃዱ ታገደ። ውሳኔው ሲነበብ ሰብሳቢው ልጁን የሚናገረው ነገር እንዳለው ጠየቀው። የለኝም አለ። ይግባኝም አልጠየቀም።